ያረጀ ፎቶግራፍ ምን ይነግረናል?

በዳምቦያ አካባቢ በአንድ ቤት ውስጥ ለጋብቻ ጉዳይ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኛም ከጎረቤት ተጠርተን ተቀምጠናል። ልጁ ተወልዶ ያደገው ወንጂ ነው። አያቱ ከከምባታ ሄደው በሸንኮራ አገዳው እርሻ ሲሠሩ እዚያው እንደ ቀሩ ይናገራል። ልጅቷ ደግሞ የዚሁ የዳምቦያ ልጅ ናት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «አያትህ ማን ይባላሉ? የየትኛው ቤት ሰው ናቸው?» ብለው ጠየቁት። እንደሚታወቀው በእኛ አገር ከአንድ ጎሳ የሆኑ ሰዎች አይጋቡም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ሌላው ነገር አይታለፍም።

ልጁ የአያቱን ስም ተናገረ። ስሙ አማርኛ ነው። በዚያ ስም ከአካባቢው ወጥቶ የቀረ ሰው የሚያውቅ ግን አልተገኘም። አንዱ ሽማግሌ «እንግዲህ የማይታወቅ ሰው ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሲሉ ልጁ ከኪሱ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። ሁለት ጎረምሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ እጁን ወንበር ላይ አሳርፏል። ከኋላቸው አበባ የተሳለበት መጋረጃ ይታያል።

ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወንዶቹ ሁሉ እያዩ አሳለፉት። በመጨረሻ ጓዳ ወደ ነበሩት ወደ ልጅቷ አያት ደረሰ። እማማ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሣጥናቸውን ከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ሲፈቱት ያው ፎቶግራፍ ነው! በእሳቸው እጅ ሌላ ቅጂ ኖሯል።

«ይኼ ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። ይኼኛው ታናሽ ወንድሙ ነው። አብረው ሄዱ፤ እሱ ተመለሰ፣ ወንድሙ ቀረ» አሉ።

የስሙም ነገር ኋላ ተገለጠ። ታናሽየው ለሥራ ሲመዘገብ ጸሐፊው የከምባትኛ ስሙን መያዝ አቅቶት የአማርኛ ስም ሰጥቶታል። በዚያው ስም ደመወዝ ተቀበለ፣ በዚያው ስም አገባ፣ በዚያው ስም ተቀበረ። ጋብቻው ቀረ፤ ልጁና ልጅቷ የወንድማማች የልጅ ልጆች ናቸውና። ልጅቷ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። እማማ ግን የባላቸውን ወንድም የልጅ ልጅ አንገቱን አቅፈው ብዙ ጊዜ አለቀቁትም።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። እማማ ባይኖሩ ኖሮስ? ፎቶግራፉ በሁለቱም ቤት ነበረ፤ ግን በሁለቱም ጀርባ ላይ የተጻፈ ስም አልነበረም። የሚያውቀው የአንዲት አሮጊት ሴት ዓይን ብቻ ነበር።

ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሰው ወደ ወንጂ የሄደበት ምክንያት አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ባለቤቱም የሆላንድ ኩባንያ ነበር። አገዳ ለመቁረጥ ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል። እኛ አገር ደግሞ ሰው ብዙ፣ መሬት ጠባብ ነው። ስለዚህ ጎልማሳው ግብር የሚከፍልበትንና ለቤቱ የሚሆነውን ገንዘብ ፍለጋ ሄደ። ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ወልዶ ከበደ። ዛሬ ልጆቻችን ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ ባለበት አገር የዘር ቆጠራ መሐሉ ይበጠሳል። ሽማግሌ የሚቆጥረው የሚያውቀውን ነው፤ ርቆ የሄደውን በምን ይቁጠረው?

አሁን ወደ ፎቶግራፉ እንመለስ። አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ ሳይሆን ጀርባው ነው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ሊኖር ይችላል፤ ማኅተሙ ላይ የከተማው ስም አለ። በሁለቱ ወንድማማች ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ «ናዝሬት» የሚል ማኅተም ነበር። ናዝሬት ዛሬ አዳማ የሚባለው ከተማ ነው፤ ለወንጂ ቅርብ ነው። ደመወዝ የተቀበለ ሠራተኛ ወደዚያ ወጥቶ ፎቶ ቢነሣ አያስገርምም። ማንበብ የቻለ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ አንድ ቃል ብቻ ብዙ መንገድ በመራ ነበር።

ቀጥሎ ልብሱን፣ ጫማውን፣ የቆሙበትን ቦታ እናያለን። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፎቶ ቤቶች ለሚነሣው ሰው ኮትና ከረባት፣ አንዳንዴም የእጅ ሰዓት ያውሱ ነበር። ስለዚህ አያታችን ኮት ለብሰው ስላየናቸው ሀብታም ነበሩ ማለት አይደለም። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ይሆናል! እግራቸውን ማየት ይሻላል። በባዶ እግሩ የቆመ ባለ ኮት በብዙ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ አለ።

ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ከተገኘም በማን አቆጣጠር እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። የውጭ ኩባንያና የውጭ ሚሲዮን የሚጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የእኛን ወደ አውሮፓ ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 እንደምራለን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 እንደምራለን። ለምሳሌ የእኛ ግንቦት 1955 በአውሮፓ 1963 ነው። በፎቶግራፍ ጀርባ «1963» የሚል ብናገኝና የእኛ ዘመን መስሎን ብንቆጥር የሰውዬው ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል። ታናሹ ታላቅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ በትልልቅ ጊዜያት መጠየቅ ነው። «እማማ፣ ይህ ፎቶ ሲነሣ ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ጣሊያን የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933 ነው። «መሬት ለአራሹ ከመሆኑ በፊት ነው?» የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ነው። «በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ይህ ልጅ ተወልዶ ነበር?» አሮጊት ሴት ዓመቱን ባታውቅም የትኛው ልጅ በጀርባዋ እንደ ነበረ አትረሳም። ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎችን በአንድ ላይ አለመጠየቅ ጥሩ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው «ልክ ነው» ይላል። ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸው ቢለያይ ሁለቱንም መጻፍ ነው። እኛ ማን ልክ እንደ ሆነ ለመፍረድ አንቸኩል።

ሴቶችን መጠየቅ በተለይ አይዘንጋ። የዘር ቆጠራችን የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት እያለ ወንድ ወንዱን ብቻ ይወጣል። እናት ከየት ቤት እንደ መጣች፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ልጅ ከየትኛዋ ሚስት እንደ ተወለደ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። በዚያ ቤት ፎቶግራፉን ወንዶቹ ሁሉ አይተው አሳልፈውት ነበር። ይህንን ስንጽፍ እኛም ወንዶቹ ትንሽ እናፍራለን።

ከፎቶግራፍ ሌላ ወረቀት አለ። በሣጥን ውስጥ፣ በጣሪያ ሥር፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርዓን መሐል የተቀመጠ ወረቀት በየቤቱ አይጠፋም፤ የግብር ደረሰኝ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የዕድር መዝገብ፣ የቀበሌ መታወቂያ ከነጉርድ ፎቶው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሰጠው የምስክር ወረቀትም በአንዳንድ ቤት ተሰቅሎ ይገኛል። የአንዲት እናት ሙሉ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

ስለ ግብር ደረሰኝ አንድ ነገር እንበል። ከ1967 በፊት ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛ ያርሳል፣ ያመርታል፣ ያካፍላል፤ በደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ የባለ መሬቱ ስም ነው። ስለዚህ የአያታችንን ስም በአሮጌ ደረሰኝ ብናጣው አልነበሩም ማለት አይደለም። ነበሩ፤ አልተጻፉም። ለብዙ ጭሰኛ ቤተሰብ ስም ከመሬት ጋር የተጻፈው ከአዋጁ በኋላ በተቋቋመው በገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለማወቅ የሰው አፍ እንጂ ወረቀት ብዙም አይረዳም።

በወረቀት ላይ የቦታ ስምም ያሳስታል። በንጉሡ ጊዜ ከምባታ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ነበር፤ ዋናው ከተማም ሆሳዕና ነበር። ስለዚህ «ሸዋ» የሚል አሮጌ ወረቀት ያገኘ ሰው «ይህስ የእኛ አይደለም» ብሎ መጣል የለበትም። ኋላ አካባቢው በደቡብ ክልል ውስጥ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ይባላል። ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ የቦታው ስም ሦስት አራት ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው።

የሰው ስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። አንዱ ጸሐፊ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፋል፤ አንዱ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ። የከምባትኛ ስም በፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዳንዱ ድምፅ ይጠፋል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከምባትኛ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በእኛው ፊደል ነው። ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከምባትኛን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ስም ስንፈልግ ጮክ ብለን እያነበብን፣ ጆሯችን የሚቀበለውን ሁሉ ማየት አለብን። ዓይን ብቻውን ያልፈዋል።

ራቅ ያለም መዝገብ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በስድስት ኪሎም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሮጌ ጽሑፎችን ይጠብቃሉ፤ ተቋሙ የፎቶግራፍ ክምችትም አለው። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሚባሉ ጀርመናዊ የታሪክ ሰው ወደ እኛ አገር መጥተው ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የጎሳዎችን አመጣጥ ጽፈዋል። የሐዲያው መጽሐፋቸው በአውሮፓ 1980፣ የከምባታው በ1983 በጀርመንኛ ታተመ። የአባቶቻችን ቃል በሰው አገር ቋንቋ መቀመጡ ደስም ይላል፣ ቅርም ያሰኛል። ሰውዬው ያደረጉት ግን ሌላ ጥበብ አይደለም፤ ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥም ወጣቶች የየቤተሰቡን አሮጌ ፎቶግራፍ ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም መጽሐፍ አውጥተዋል። ፎቶግራፎቹ የነገሥታት አይደሉም፤ የሠርግ፣ የትምህርት ቤት፣ የጎረቤት ናቸው።

ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለድነው ግን መዝገባችን በሣጥኑ ውስጥ ያለው ነው።

ያንንም ሣጥን ጢስና እርጥበት ይበላዋል። ፎቶግራፍን ከምድጃ በላይ መስቀል ወይም በምስማር መምታት ያበላሸዋል። ጣት ፊቱን ሲነካው ዘይት ይተዋል፤ በጠርዙ መያዝ ነው። ከክፈፉ መስታወት ጋር ከተጣበቀ ደግሞ መላቀቅ የለበትም፤ ሲላቀቅ የሰውዬው ፊት መስታወቱ ላይ ይቀራል። የእጅ ስልክ ያለው ልጅ በበሩ ጥላ ውስጥ አድርጎ ያንሣው፤ የስልኩ መብራት ሲበራ ያንጸባርቃል። ጀርባው ላይም መነሣት አለበት።

ስም የሚጻፈው በጀርባው በኩል ነው፤ በእርሳስ፣ በቀስታ፣ ሳይጫኑ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል፣ ውኃ ሲነካውም ይፈሳል። ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደ ሆነ፣ የቤት ስሙና የወረቀት ስሙ ሁለቱም፣ የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ ይህን የነገረን ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ነገረን ይጻፋል። የማይታወቅ ካለ ቦታውን ባዶ መተው ነው። ገምቶ የጻፈ ሰው ልጆቹን ያሳስታል።

በዚያ ቤት ያን ዕለት ማታ ሁለቱ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በእርሳስ ተጻፈባቸው። የጻፈችው ልጅቷ ናት፤ ተመልሳ ገብታ ነበር። እማማ ስማቸው ብቻ ሲጻፍ «እናታቸውንም ጻፊ፤ እሷ ናት ስንቅ ያሰረችላቸው» አሏት፤ ጻፈች። በልጁ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ወንጂ የቀረው ወንድም ያገባት ሴት ከየት ቤት እንደ ነበረች የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ቀርቷል። ልጁ ወንጂ ሲመለስ አሮጊት አክስቱን ሊጠይቅ ፎቶግራፉን በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።