የአንጎል ግንድ የሴሮቶኒን ሕዋሳት፦ ከሕፃን ትንፋሽ እስከ ድባቴ

ራፌ የሚባሉት የነርቭ ሕዋስ ስብስቦች የሚገኙት በአንጎል ግንድ ውስጥ፣ ግራና ቀኙን በሚለየው የመሐል መስመር ላይ ነው። ከኅብለ ሰረሰር በላይ ካለው ከሜዱላ ጀምረው እስከ መካከለኛው አንጎል ድረስ ከታች ወደ ላይ ተደርድረዋል። ለመላው አንጎልና ለኅብለ ሰረሰር ሴሮቶኒን የሚያቀርቡት እነርሱ ናቸው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ ሴሮቶኒን የሚሠሩት በመቶ ሺዎች ብቻ ይቆጠራሉ። ቁጥራቸው ይነስ እንጂ ቀጫጭን ክሮቻቸው ያልደረሱበት የአንጎል ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ዶርሳል ራፌና ሚዲያን ራፌ የተባሉት የላይኞቹ ስብስቦች ክሮቻቸውን ወደ አንጎል ቅርፊት፣ ወደ ሂፖካምፐስና ወደ አሚግዳላ ይልካሉ። ራፌ ማግነስ፣ ራፌ ፓሊደስና ራፌ ኦብስኩረስ የተባሉት የታችኞቹ ደግሞ ወደ ትንፋሽ ማዕከላትና ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳሉ። አንድ በሽታ ከሴሮቶኒን ጋር ግንኙነት አለው ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የላይኛው ክፍል ነው ወይስ የታችኛው የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ሴሮቶኒንን የሚያውቀው «የደስታ ኬሚካል» በሚል ስም ነው። ይህ ስም የሥራውን ስፋት ይደብቃል። ሕዋሳቱ ትንፋሽን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ እንቅልፍን፣ ሕመምን፣ የምግብ ፍላጎትንና ስሜትን ሁሉ ይነካሉ። ይበልጥ የሚያስገርመው ማስረጃው የጠነከረበት ቦታ ነው። ከሴሮቶኒን ጋር ስሙ ተጣብቆ የሚነሣው ድባቴ እስካሁን አከራካሪ ሲሆን፣ እምብዛም የማይወራለት የተኙ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት ግን በላቦራቶሪ ተለክቶ በታየ ጉድለት ላይ ቆሟል።

ኬሚካሉ በመጀመሪያ የተገኘው አንጎል ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር ከአንጀት ሽፋን ያወጣውን፣ ጡንቻ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ኢንተራሚን ብሎ ሰየመው። በ1948 ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሞሪስ ራፖርት፣ አርዳ ግሪንና ኧርቪን ፔጅ የደም ሥሮችን የሚያጠብብ ነገር ከደም አጣርተው አወጡና ሴሮቶኒን አሉት። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው ቆይቶ ነው። የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ በሆነ ባለ ዛጎል እንስሳ ጡንቻ ላይ ትሠራ የነበረችው ቤቲ ትዋሮግ ሴሮቶኒን በአጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥም እንዳለ በ1953 ከፔጅ ጋር አሳየች።

አንጎል ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ በዓይን ለማየት አሥራ አንድ ዓመት ያህል ወስዷል። ስዊድናውያኑ ቤንግት ፋልክና ኒልስ-ኦኬ ሂላርፕ ባወጡት ዘዴ፣ ቀዝቅዞ የደረቀ የአንጎል ቁራጭ በፎርማልዴሃይድ እንፋሎት ይታጠናል። ከዚያ በልዩ ብርሃን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያለባቸው ሕዋሳት አረንጓዴ፣ ሴሮቶኒን ያለባቸው ደግሞ ቢጫ ሆነው ያበራሉ። ቢጫው ብርሃን ሲያርፍበት ቶሎ ይደበዝዛልና ተመራማሪው ፈጥኖ ማየትና ፎቶ ማንሣት ነበረበት። አኒካ ዳልስትሮምና ሼል ፉክሴ በ1964 የአይጥን አንጎል በዚህ መንገድ ቁራጭ በቁራጭ አይተው፣ ቢጫዎቹን ስብስቦች ከታች ወደ ላይ ከቢ1 እስከ ቢ9 ቆጠሯቸው። ይህ አቆጣጠር ዛሬም ይሠራበታል።

ሴሮቶኒን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከተባለው አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ እርሱም ከእንቁላል፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከጥራጥሬ ይገኛል። ከሰውነት ሴሮቶኒን አብዛኛው፣ 90 በመቶ ያህሉ፣ ያለው በአንጀት ውስጥ ነው፤ ነገር ግን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር ማለፍ ስለማይችል ለአንጎል አይጠቅምም። አጥሩን የሚያልፈው ትሪፕቶፋን ነው። ራፌ ሲደርስም ኢንዛይሞች በሁለት እርምጃ ወደ ሴሮቶኒን ይለውጡታል። የመጀመሪያውን እርምጃ በአንጎል ውስጥ የሚመራው ትሪፕቶፋን ሃይድሮክሲሌዝ 2 የተባለው ኢንዛይም መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው። ሴሮቶኒኑ የሚለቀቀው በክሩ ጫፍ ብቻ ሳይሆን በየመንገዱም ነው፤ በማሳ መካከል የሚያልፍ የመስኖ ቦይ ግራ ቀኙን እያረሰረሰ እንደሚሄድ ማለት ነው። ሥራውን ሲጨርስ መልሶ ሳቢ የሆነ ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ይመልሰዋል፤ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ይሰባብረዋል። የሚቀበሉት ፕሮቲኖች በሰባት ቤተሰብ የሚመደቡ 14 ዓይነት ናቸው። አንዱ ሕዋስን ሲያነቃቃ ሌላው ያቀዘቅዛል፤ «ሴሮቶኒን ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ማለት ብቻውን ብዙ የማይነግረን ለዚህ ነው።

የራፌ ሕዋሳት አሠራር ዝግታና ወጥነት አለው። እንስሳው ነቅቶ ሳለ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ እንደ ሰዓት በተስተካከለ ምት ይተኩሳሉ። እንቅልፍ ሲመጣ ምቱ ይቀንሳል፤ ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ከናካቴው ሊቆም ይደርሳል። ይህ መጀመሪያ የታየው በ1970ዎቹ በድመቶች አንጎል ላይ በተደረገ የምት ቀረጻ ነው።

ወደ በሽታው ሲገባ ከታች መጀመር ይሻላል። በሜዱላ ያሉት የሴሮቶኒን ሕዋሳት በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ይሰማቸዋል፤ ትንፋሽንም ያፋጥናሉ። ሴሮቶኒን የሚሠሩት ሕዋሳት እንዳይፈጠሩባቸው የተደረጉ አይጦች ይህን አሳይተዋል፦ በተወለዱ ሰሞን ትንፋሻቸው ደጋግሞ ይቋረጣል፤ ካደጉ በኋላም ብርድ ውስጥ ሲገቡ የሰውነት ሙቀታቸውን መጠበቅ ያቅታቸዋል።

ደረቱ ላይ የተኛ ሕፃን ፊቱ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ ሲቀበር ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ኦክስጂን እያነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየበዛ ይሄዳል። ጤናማ ሕፃን በዚህ ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ይንቀሳቀሳል፤ ራሱን ያዞራል፤ ነቅቶ ያለቅሳል። ይህን ሰንሰለት የሚያስጀምሩት የታችኛው አንጎል ግንድ ሕዋሳት ናቸው። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሃና ኪኒና ባልደረቦቿ በእንቅልፋቸው በድንገት የሞቱ ሕፃናትን አንጎል ለብዙ ዓመታት መርምረዋል። በ2006 ባወጡት ጥናት የሴሮቶኒን ሕዋሳቱ ቁጥር እንዲያውም የበዛ፣ ግን ያልበሰሉ ሆነው ተገኙ። በ2010 ደግሞ በሜዱላ ያለውን ኬሚካል ራሱን ለኩት፤ ሴሮቶኒኑ በሌላ ምክንያት ከሞቱ ሕፃናት በ26 በመቶ፣ የሚሠራው ኢንዛይም በ22 በመቶ ያነሰ ነበር። ጉድለቱ ብቻውን አይገድልም። የተጎዳው ሕፃን፣ ሞቱ ከሁሉ በሚበዛበት ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ፣ እንደ ደረት መተኛት ያለ የውጭ ጫና ሲገጥመው ነው አደጋው የሚደርሰው። ወላጅ መቆጣጠር የሚችለው የመጨረሻውን ነው። በአሜሪካ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ዘመቻ ከተጀመረበት ከ1994 ወዲህ የዚህ ሞት ቁጥር በግማሽ ያህል ወርዷል። ማንም ኬሚካሉን ሳይነካ፣ የአተኛኘት ለውጥ ብቻ ይህን ያህል ሕይወት ማትረፉ በሕክምና ታሪክ ትልቅ ቦታ ይገባዋል።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሚጥል በሽታ ላይም ይነሣል። አንዳንድ ሕሙማን ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ በሽታው ከጣላቸው በኋላ ትንፋሻቸው ቆሞ በድንገት ይሞታሉ። በሽታው ከጣላቸው በኋላ ትንፋሻቸው በሚቆም የአይጥ ዘሮች ላይ ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት መስጠት ሞቱን ይከላከላል። ሴሮቶኒን የሚያስለቅቀው ፌንፍሉራሚንም ድራቬ ለተባለው ከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ራፌ ማግነስ ደግሞ የሕመም በረኛ ነው። ክሮቹ ወደ ኅብለ ሰረሰር ወርደው፣ ከቆዳና ከጡንቻ የሚመጣው የሕመም መልእክት ወደ ላይ ከመሄዱ በፊት ያዳክሙታል፤ አንዳንዴም ያጎሉታል። እንደ አሚትሪፕቲሊንና ዱሎክሴቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች የማይድን የጀርባና የነርቭ ሕመምን የሚያስታግሱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው ተብሎ ይታመናል። በማይግሬን ላይ ደግሞ በ1995 የወጣ የጀርመን ጥናት፣ ሕመሙ ተነሥቶባቸው ሳለ የተመረመሩ ሰዎች የአንጎል ግንድ በሥራ ላይ እንደነበር አሳየ። ሱማትሪፕታን ራስ ምታቱን ካጠፋው በኋላም ግንዱ መሥራቱን አላቆመም ነበር። ሱማትሪፕታን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣ፣ ሁለት ዓይነት የሴሮቶኒን ተቀባዮችን የሚያነቃቃ መድኃኒት ሲሆን፣ በዋናነት የሚሠራው በፊት ነርቭና በጭንቅላት ደም ሥሮች ላይ ነው።

ፓርኪንሰን ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ዶፓሚንን ነው። ሆኖም ጀርመናዊው ሃይኮ ብራክ በ2003 ባቀረበው የደረጃ አከፋፈል፣ በበሽታው የሚከማቸው ፕሮቲን ራፌ የሚደርሰው ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት ከመጠቃታቸው በፊት ነው። ድባቴ፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ መታወክ በብዙ ሕሙማን ላይ እጅ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ዓመታት ቀድመው መታየታቸው ከዚህ ጋር ይስማማል። በሽታው ሲገፋ የራፌ ሕዋሳት ሌላ ያልታሰበ ሚና ይይዛሉ። ሕመምተኛው ሌቮዶፓ ሲውጥ፣ የሴሮቶኒን ሕዋሳቱ መድኃኒቱን ወደ ዶፓሚን ለውጠው ይለቁታል። ግን የዶፓሚንን መጠን የሚቆጣጠርና መልሶ የሚስብ ፕሮቲን የላቸውምና አለቃቀቁ ልክ ያጣል። ዓመታት መድኃኒቱን በወሰዱ ሰዎች ላይ የሚታየው፣ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የሰውነት መጠማዘዝ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። በአልዛይመርም ዶርሳል ራፌ ቀድመው ከሚጠቁት ቦታዎች አንዱ ነው፤ የማስታወስ ችግር ገና ሳይታይ የታው ፕሮቲን ቋጠሮ ተገኝቶበታል።

የድባቴ ታሪክ የጀመረው ከሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ሲ ቪው ሆስፒታል አይፕሮኒያዚድ የተሰጣቸው የሳንባ በሽተኞች ስሜታቸው ባልተጠበቀ ሁኔታ ተነቃቃ። መድኃኒቱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን እንደሚያግድ ታወቀ። ስዊዘርላንዳዊው ሮላንድ ኩን ደግሞ ኢሚፕራሚን ድባቴን እንደሚያሽል በ1957 አሳወቀ። ሁለቱም ሴሮቶኒንን ስለሚነኩ፣ ድባቴ የሴሮቶኒን እጥረት ነው የሚለው ሐሳብ በ1960ዎቹ ተስፋፋ። በ1987 መጨረሻ ፍሉኦክሴቲን በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላም ይህ ሐሳብ ለሕዝቡ እንደተረጋገጠ እውነት ተነገረ።

አልተረጋገጠም። ጤናማ ሰዎች ትሪፕቶፋን የሌለበት ድብልቅ ጠጥተው ሴሮቶኒናቸው ቢቀንስም አብዛኞቹ ድባቴ አይዛቸውም። ቀድሞ ድባቴ ኖሯቸው በመድኃኒት የተሻላቸው ሰዎች ግን በዚያው ድብልቅ በሰዓታት ውስጥ ምልክቱ ሊመለስባቸው ይችላል። መድኃኒቶቹ መልሶ ሳቢውን የሚያግዱት በሰዓታት ውስጥ ሆኖ ሳለ መሻሻሉ ሳምንታት ይወስዳል። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ወደ ራፌ ይመልሳል፦ ሴሮቶኒን ሲበዛ ሕዋሳቱ በራሳቸው ላይ ባለው ተቀባይ አማካይነት ምታቸውን ይቀንሳሉ፤ ተቀባዩ ደንዝዞ ምቱ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። በ2022 በእንግሊዝ የተመራ ሰፊ ግምገማ የእጥረቱ ሐሳብ ወጥ ማስረጃ እንደሌለው ደመደመ። ይህ ግን መድኃኒቶቹ አይሠሩም ማለት አይደለም። አስፕሪን ራስ ምታትን ማዳኑ ራስ ምታት የአስፕሪን እጥረት መሆኑን አያሳይም። ሕመምተኛ ይህን ክርክር ሰምቶ ያለ ሐኪም ምክር ክኒኑን በድንገት ቢያቆም ማዞር፣ የእንቅልፍ ማጣትና የበሽታው መመለስ ሊያጋጥመው ይችላል።

ራስን በማጥፋት ላይ ያለው ግኝት ደግሞ ለየት ይላል። በ1976 ማሪ ኦስበርግ በስቶክሆልም ከድባቴ ሕሙማን መካከል በኅብለ ሰረሰር ፈሳሻቸው ውስጥ የሴሮቶኒን ስብርባሪ ዝቅ ያለባቸው፣ ራሳቸውን ለመግደል የመሞከር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኘች። በኒውዮርክ በአስከሬን ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ግን ሕይወታቸውን ያጠፉ ሰዎች ዶርሳል ራፌ ሴሮቶኒን የሚሠራውን ኢንዛይም አብዝቶ መያዙን አሳይተዋል። አንጎል ጉድለቱን ለማካካስ የሞከረ ይመስላል። ከዶርሳል ራፌ የሚወጡት መንገዶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2018 ከስታንፎርድ የወጣ የአይጥ ጥናት፣ ወደ አሚግዳላ የሚሄዱት ሕዋሳት በቅጣት ጊዜ ሲነቃቁ ወደ ፊተኛው ቅርፊት የሚሄዱት እንደሚቀዘቅዙ አሳየ፤ የመጀመሪያዎቹ ፍርሃት መሰል ባሕርይ ሲያመጡ ሁለተኛዎቹ ተግዳሮትን የመቋቋም ጥረት ይጨምራሉ። መላውን አንጎል በአንድ ክኒን ሴሮቶኒን ማጥለቅለቅ ለአንዱ ረድቶ ሌላውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስጨንቀው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የሌለ ነገር ከማየትና ከመስማት ጋር የሚያያዘው ደግሞ ከሴሮቶኒን ተቀባዮች አንዱ፣ 2ኤ የተባለው ነው። ቅዠት የሚያመጣው ኤልኤስዲ የሚያነቃቃው እርሱን ነው፤ ለስኪዞፍሬንያ የሚሰጠው ክሎዛፒን ያግደዋል። በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ፒማቫንሰሪን ደግሞ በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የሚመጣውን ቅዠት የሚቀንሰው ዶፓሚንን ሳይነካ ነው።

ሴሮቶኒን ከልክ ሲያልፍ የሚመጣው ሴሮቶኒን ሲንድረም ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሁለት መድኃኒቶች ሲገናኙ ነው፦ ፍሉኦክሴቲን ከትራማዶል ጋር፣ ወይም መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገር ከሚሰጠው ከሊኔዞሊድ ጋር። ሊኔዞሊድ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን በመጠኑ ያግዳል። ሕመምተኛው ይቅበጠበጣል፤ ያልበዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። ሐኪሙ እግሩን ይዞ መዳፉን በፍጥነት ወደ ላይ ሲገፋው ቁርጭምጭሚቱ በተከታታይ ይርገበገባል፤ ከትኩሳት ወይም ከሌላ መመረዝ ለመለየት የሚረዳው ዋናው ምልክት ይህ ነው። ሕክምናው መድኃኒቶቹን ማቆም፣ በማረጋጊያ መንቀጥቀጡን ማብረድና ሙቀቱን መቀነስ ሲሆን፣ ካስፈለገ ተቀባዮቹን የሚያግደው ሲፕሮሄፕታዲን ይጨመራል። ብዙዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ያለፈበት ሰው ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት አለበት።