የጮቄ በረዶና የጎጃም ጣራ

በሰኔ ከሰዓት በኋላ የጮቄ ራስ ጠቁሮ በረዶው ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ደብረ ማርቆስ ያለ መምህር ጠመኔውን ያስቀምጣል። ቢያስተምርስ ማን ይሰማዋል?

አማርኛችን ይህንንም፣ እንደ ጥጥ እየተባዘተ የሚወርደውንም «በረዶ» ይለዋል። ጥጥ መሳዩን አገራችን ጨርሶ አታጣውም። ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ሰሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚሰጥምበት አዱሊስ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ አቆይቶልናል። ለጣራ ግን ሁለቱ በረዶዎች የተለያዩ ጠላቶች ናቸው። ጥጥ መሳዩ ይከመራል፣ ይከርማል፣ በክብደቱ ይጥላል። በጥር 1998 ዓ.ም. ፖላንድ፣ ካቶቪትሴ ከተማ አጠገብ የአንድ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ጣራ በረዶ ተጭኖት ተደርምሶ 65 ሰው ገድሏል። የአውሮፓ ስሌት መሬት ላይ ካረፈው በረዶ 80 በመቶውን እስከ 30 ዲግሪ ያጋደለ ጣራ ላይ ይጭነዋል፤ ከዚያ ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር ጭነቱ እየቀነሰ 60 ዲግሪ ላይ ዜሮ ይገባል፤ የሚያግደው ከሌለ ተንሸራቶ ይወርዳላ! የጃፓን ሺራካዋ መንደር የሣር ቤቶች ወደ 60 ዲግሪ የቀረቡት ለዚህ ነው።

የጎጃም ጎጆም ሾጣጣ ነው፤ ምክንያቱ ግን ዝናብ ነው። ሣር ካልቆመ ውሃ ያሾልካል። የበረዶው ጠጠር ሰንበሌጡ ላይ ሲያርፍ ድምፁም ጉልበቱም እዚያው ይሞታል፤ ጠፈጠፉ ከጭቃው ግድግዳ ርቆ ይወርዳል፤ አሸንዳ የሚባል ነገር የለም። የምድጃው ጭስ ደግሞ ክዳኑን ያደርቃል፣ ተባይ ያባርራል፤ ሺራካዋም እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ ብዬም ወደ ሣር እንመለስ አልልም። ግጦሹ ሲታረስ ጥሩ ሣር ጠፋ፤ እሳቱም አለ።

በቆርቆሮ ዘመን ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሾጣጣ ቅርጻቸውን ይዘው ቀሩ። መኖሪያ ቤቱ ግን ጋደም አለ፤ ተዳፋት ሲቀንስ ሞራሌውም ቆርቆሮውም ይቀንሳልና። ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ ያታልላል፦ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32ቱ ይወፍራል። ስሱ በበረዶ ይጎደጉዳል፤ ዚንኩ የተላጠበት ቦታ ዝገት ይጀምራል። ምስማሩ ጎማ ለብሶ በጉብታው ላይ መመታት አለበት፤ በስርጉዱ ከተመታ ውሃው መንገዱን አገኘ ማለት ነው።

ትልቁ ጥፋት ግን ሁለት ጣራ የሚገናኝበት አሸንዳ ላይ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የተከመረ የበረዶ ጠጠር በካሬ ሜትር ወደ ግማሽ ኩንታል ይመዝናል፤ ደህና አናጢ የሠራው ጣራ ለአንድ ሰዓት ይችለዋል። ጠጠሩ ተንሸራቶ አሸንዳው ውስጥ ሲጠራቀም ግን ግድብ ይሆናል። ተከትሎ የሚመጣው ዝናብ መውረጃ አጥቶ ሽቅብ ይሞላል፣ በቆርቆሮው መደራረቢያ ሥር ሾልኮ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። በከተሞቻችን ፋሽን የሆነው፣ ቆርቆሮውን ከፊት የሚሸፍነው ግንብ ይህን ያባብሰዋል፤ ውሃና በረዶ በነፃ የሚወርዱበትን ጠርዝ ዘግቶ ሁሉን ወደ አንድ ጠባብ ቱቦ ይነዳል። ያ ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰኔ ሲገባ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ነው የሚገኘው።