አባያ ለምን ቀላ?

በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ በሴቻ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ለተመለከተ ሁለት ሐይቆች ይታዩታል። በግራ ያለው አባያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ በቀኝ ያለው ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ኮረብታማ መሬት ተጋድሟል። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዞ የሄደ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «ጎረቤታሞች ሆነው መልካቸው ለምን ተለያየ?»

አባያን ያቀላው አፈር ነው። ብላቴን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ ነፋሱም ያማስለዋል። ልጁ የሚያየው ቀለም ከገበሬ ማሳ ተነሥቶ የመጣ ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ ዶርዜ መውጣት ነው። ጠመዝማዛውን መንገድ ሲወጡ የቆላው ሙቀት በጋቢ ብርድ ይተካል፤ ሙዙና ማንጎውም ለእንሰትና ለቀርከሃ ቦታውን ይለቃል። በቀርከሃ የሚሠራው ረጅሙ የዶርዜ ቤት ፊቱ ዝሆን ይመስላል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። የጓሮው እንሰትም ቤተሰቡን ከመመገቡ ሌላ አፈሩን ይዞ ያቆያል።

ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች ከገደሉ ሥር፣ ከጫካው ውስጥ ይፈልቃሉ። ትልልቆቹ ሾላዎች የሚኖሩት በዝናብ ብቻ ሳይሆን በከርሰ ምድር ውሃ ጭምር ነው፤ ከተማውም ከዚያው ምንጭ ይጠጣል። በመንገዱ ላይ ግን ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ይታያሉ። ልጁ ሲጠይቅ «ጫካ አጥፊዎች ናቸው» ብሎ ከማለፍ፣ ያ ሸክም የዕለት እንጀራ መሆኑን መንገር ይሻላል። ጫካውን ማዳን እነሱን ከመርዳት ተነጥሎ አይታይም።

514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ለልጆች የሚሆን ወግም አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ተመራማሪዎች ከመንገድ ላይ የአንዲት ወፍ ክንፍ ብቻ አገኙ። በዚያ ክንፍ ብቻ በሌሊት የምትበር አዲስ የወፍ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ሳይንሳዊ ስሟም «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው።

ለጉዞው ጥቂት ምክር፦ ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ለማየት ማለዳ ይሻላል። ጀልባ ላይ ሁሉም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ፤ ልጆች እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንዳይከቱ ይጠበቁ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ አጎበር አይዘንጋ። ለአያቶች ደግሞ ከምንጩ ቁልቁለት ይልቅ ሐይቆቹን ከሴቻ ቁጭ ብሎ ማየት ለጉልበት ይቀላል።

ኩልፎ ወንዝም ከጋሞ ደጋ ወርዶ ጫሞ ይገባል። ደጋው ከተራቆተ አፈሩ ወደዚያም መውረዱ አይቀርም። ዛሬ ሰማያዊውን ሐይቅ ያየው ልጅ ነገ ለልጁ እንዲያሳየው፣ ሥራው የሚጀመረው ከላይ፣ ከተራራው ነው።