መሐንዲሷ በንግድ ሥራ አመራር ጠያቂዎች ፊት

እርስዎ መሐንዲስ ነዎት እንበል። የውሃ ወይም የመንገድ ሥራ ተምረው ስድስት ሰባት ዓመት ከጎንደር እስከ ዳባትና ደባርቅ በሥራ ቦታ ውለዋል፤ የደጋውን ብርድም የመንገዱን አቧራም ያውቁታል። አግብተዋል፤ ወልደዋል። አሁን ደግሞ በተለምዶ ኤም ቢ ኤ የሚባለውን የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ለመማር አመልክተው፣ «ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» የሚል መልስ ደርሶዎታል። ደስታው አንድ ቀን ይቆያል። በማግሥቱ ስጋቱ ይመጣል፤ «የሒሳብ አያያዝ አልተማርኩ፣ ስለ ገበያ ጥናት አላውቅ፤ ምን ልላቸው ነው?»

ስጋት መኖሩ አያስገርምም፤ ያረፈው ግን ከቦታው ውጭ ነው። የሒሳብ አያያዝ አለመማርዎን ጠያቂዎቹ ከማመልከቻዎ አይተውታል፤ የሚቀበሉዎትም ሊያስተምሩዎት ነው። የቁጥር ችሎታዎንም ከቶ አይጠራጠሩም። (በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስላለ፣ ይህ ጉዳይ አስቀድሞ በወረቀት ያልቃል።) ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊያውቁ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ይህች ሴት ከሰው ጋር እንዴት ትሠራለች? ራሷ የወሰነችው ነገር አለ ወይ? ደግሞስ ከምህንድስናው ወደዚህ ምን አመጣት?

የመጨረሻው ጥያቄ የማይቀር ነው። ብዙ ሰው የሚመልሰው «ዕውቀቴን ለማስፋትና የተሻለ ዕድገት ለማግኘት» እያለ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ከእርስዎ በፊት የገባውም፣ ከእርስዎ በኋላ የሚገባውም የሚለው ይህንኑ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ይባስ ብላ ሙያዋን ታጣጥላለች፤ «ምህንድስና ሰለቸኝ» ትላለች። የሰለቻት ሰው ነገ በዚህም እንደማትሰለች ምን ዋስትና አላቸው?

መልሱ ያለው ከዋሉበት ሥራ ውስጥ ነው። በደጋው ሲሠሩ የቆዩ ሁሉ የሚያውቁትን እንውሰድ። ምንጭ ይጎለብታል፤ ፓምፕ ይተከላል፤ ቦኖ ይቆማል፤ እናቶች እልል ይላሉ። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ፓምፑ ይቆማል፤ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። መሐንዲሷ ለጥገና ትላካለች። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማት ለጠያቂዎቹ እንዲህ ብትላቸውስ?

«ብልሽቱ በግማሽ ቀን አለቀ። ውሃው የተቋረጠው ግን ለወራት ነው። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ አልነበራትም። ሰዉ የከፈለው የት እንደገባ ስላላወቀ መክፈል ትቷል፤ ስለዚህ መለዋወጫ መግዣ ጠፋ። ቧንቧ መቀጠል ተምሬአለሁ፤ ይህኛውን መጠገን ግን አልተማርኩም። የመጣሁት እሱን ለመማር ነው።»

ይህን መልስ የሰጠች ሴት ሙያዋን አልካደችም፤ እንዲያውም ሙያዋ እስከየት እንደሚያደርስና ከየት ላይ እንደሚቆም አሳየች። (አደራ፣ ይህን ቃል በቃል አይውሰዱት፤ የራስዎን ይፈልጉ። የሌላ ሰው ታሪክ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጋለጣል።) የጎንደር ከተማ ነዋሪ ከሆኑ ምሳሌ አያጡም። የአንገረብን ግድብ ያስቡ፤ ያስቸገረው ከላይ ካለው ተዳፋት ማሳ እየታጠበ የሚመጣው ደለል ነው። ያን አፈር በቦታው ለማስቀረት ስሌት ብቻ አይበቃም፤ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ መነጋገርና መስማማት፣ በጀት መያዝ፣ ሥራውንም በየዓመቱ መከታተል ያስፈልጋል።

መሐንዲስ ለዚህ ትምህርት ባዕድ ነው የሚልዎት ካለ ታሪኩን ይንገሩት። የዘመናዊ ሥራ አመራር አባት ከሚባሉት አንዱ ፍሬድሪክ ቴይለር በብረታ ብረት ፋብሪካ የኖረ መሐንዲስ ነበር። የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እየተጋበዘ ያስተምር ነበር። ከእሱ ይልቅ ለእኛ የምትቀርበው ግን ሊሊያን ጊልብረዝ ናት። ይህች አሜሪካዊት ከባሏ ጋር የሠራተኞችን ድካም የሚቀንስ አሠራር ታጠና ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ባሏ በድንገት ሲሞት በእጇ የቀሩት አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ከደንበኞቻቸው አንዳንዶቹ ከሴት ጋር አንሠራም ብለው ውላቸውን ተዉት። እሷ ታዲያ ፊቷን ወደ ማዕድ ቤት አዞረች፤ ምድጃውና የዕቃ ማጠቢያው ምን ያህል ይራራቁ፣ ጠረጴዛው ምን ያህል ከፍ ይበል ብላ እንደ ፋብሪካ ለካችው። በእግር ሲረገጥ የሚከፈተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያም የእሷ ሐሳብ ነው ይባላል። በ1935 እ.ኤ.አ. በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሥራ አመራር ፕሮፌሰር ሆነች። ሃርቫርድ ሴቶችን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በኤም ቢ ኤ ትምህርቱ የተቀበለው በ1963 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የገቡትም ስምንት ብቻ ነበሩ።

ከአገራችንም አሉ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው የተሾሙት አቶ መስፍን ጣሰው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በኋላ የንግድ ሥራ አመራር ተምረዋል። የግልገል ጊቤ ሦስትን ፕሮጀክት የመሩት ኢንጂነር አዜብ አስናቀም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን እስከ 2010 ዓ.ም. በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እኛ ሴቶች በተለይ በዚህ አገር ያደግን፣ ስለ ራሳችን መናገር ነውር ሆኖብናል። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። በመሆኑም «ድልድዩን ማን አስጨረሰው?» ስንባል «ሠርተን አስረከብን» እንላለን። ጠያቂው የሚሰማው የቡድኑን ሥራ ነው፤ የእርስዎን ድርሻ አያገኘውም። ካቦው ሲያምጽ፣ ሲሚንቶ ሲዘገይ፣ ተቋራጩ ሲያኮርፍ እርስዎ ምን አሉ? ምን ወሰኑ? ይህን መናገር እንደ ምስክር ያዩትንና የሠሩትን መናገር እንጂ ጉራ አይደለም። የቡድኑን ድርሻ ለቡድኑ ይስጡ፤ «ወሰንኩ» በሚባልበት ቦታ ግን «ወሰንን» አይበሉ።

ለመለማመጃ ከቡና ላይ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሁለተኛው ሲቀዳ ታሪኩን ለእናትዎ ወይም ለጎረቤትዎ ይንገሯቸው፤ ከሦስት ደቂቃ አይለፉ። የምህንድስና ቃል ሳይገባበት ከገባቸው ጠያቂዎቹም ይገባቸዋል። «ኧረ ከዚያስ ምን አደረግሽ?» ብለው ካቋረጡዎት፣ ጠያቂዎቹም የሚያቋርጡዎት እዚያው ላይ ነውና ያንን ያስፉት።

ቃለ መጠይቁ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ከውጭ አገር የሚደረግ ከሆነ ሰዓቱን ይጠንቀቁ። ናይሮቢ ጧት 9 ሰዓት ቢሉዎት በእኛ አቆጣጠር ጧት 3 ሰዓት ነው። የለንደን ጧት 9 ሰዓት በክረምታቸው የእኛ ቀን 6 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ 5 ሰዓት ይሆናል። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ስልኩን ሌሊት ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት፤ ልጆቹንም ለዚያች ሰዓት ከአያታቸው ዘንድ ያሳድሯቸው።

ልጆች ካሉ ዘንድ፣ «ልጆችሽንስ ማን ይይዛል?» የሚል ጠያቂ ሊያጋጥም ይችላል። ወንዱ አመልካች ይህን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእርስዎም ባይቀርብ መልካም ነበር። ከቀረበ ግን አይቆጡ፤ አያብራሩም። «አዘጋጅቻለሁ» ይበሉና ወደ ሥራዎ ይመለሱ። እውነተኛው ዝግጅት ግን ከባልዎ ጋር ከቃለ መጠይቁ በፊት ማለቅ አለበት፤ ማታ ሕፃኑን ማን ያስተኛል፣ ደመወዝ ቢቋረጥ የቤት ኪራይ ከየት ይመጣል፣ የሚለው ሁሉ በወረቀት ይጻፍ።

በመጨረሻ «እርስዎስ የሚጠይቁን አለ?» ይላሉ። «የለኝም» አይበሉ። ትምህርቱ በማታ ነው ወይስ በቅዳሜና እሑድ? መሥሪያ ቤቴ ለመስክ ሲልከኝ ያመለጠኝን ክፍል እንዴት አሟላለሁ? ከእኔ በፊት የገቡ መሐንዲሶች የከበዳቸው የትኛው ትምህርት ነበር? መልሳቸውን ይጻፉት። እነሱ ሲወስኑ እርስዎም ቤትዎ ተቀምጠው የሚወስኑት በዚያ ወረቀት ነውና።