ሻርክ የነከሰው ሰውና የብረቱ ቤት

ከባሕር ርቆ በደጋ ያደገ ሰው ስለ ባሕር አራዊት ሲወራ አስቀድሞ ትዝ የሚለው፣ ነቢዩ ዮናስን ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በከርሡ የተሸከመው ዓሣ አንበሪ ነው፤ ያ አንበሪ ግን የታዘዘውን ፈጽሞ ነቢዩን በደኅና ወደ የብስ የተፋ በመሆኑ፣ በልባችን የሣለው ሥዕል ከድንጋፄ ይልቅ ወደ ምሕረት ያዘነብላል። ሻርክ የሚሉት ታላቅ ዓሣ እንዲህ ያለ መልካም ተራኪ አላገኘም። ስሙን ከፈረንጅ ተቀበልን፤ ከስሙም ጋር ፍርሃቱን እንዳለ ተረከብን።

ይህ ፍርሃት በምን ያህል እውነት ላይ እንደ ቆመ ለመመርመር ለሚሻ ሰው፣ ከሩቅ ሆነው ካወሩት ይልቅ በአውሬው አፍ ውስጥ ገብቶ የወጣውን የአውስትራሊያውን ተወላጅ የሮድኒ ፎክስን ታሪክ መከተል ይበጀዋል። ኅዳር 28 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ዲሴምበር 8 ቀን፣ ከአዴሌድ ከተማ በስተ ደቡብ በሚገኘው በአልዲንጋ ባሕር ዳርቻ፣ ትንፋሽን ይዞ እየጠለቁ ዓሣን በጦር የመውጋት ውድድር ይደረግ ነበር። የ23 ዓመቱ ጎልማሳ ፎክስ የቀድሞ አሸናፊነቱን ላለማስነጠቅ ከባሕሩ በታች አንድ ዓሣ አነጣጥሮ ሳለ፣ ከጎኑ የመጣ ነጭ ሻርክ ደረቱንና ጀርባውን ባንድ ጊዜ በመንጋጋው ያዘውና እየገፋ ወሰደው። እርሱም ዓይኑን ለመጓጎጥ እጁን ቢሰነዝር እጁ ከአውሬው አፍ ገብቶ ተተለተለ፤ ሻርኩም፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ለቀቀው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፎክስ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ቢመለከት፣ በደሙ ከቀላው ውኃ ውስጥ ያ አውሬ አፉን ከፍቶ ወደ እርሱ ሲመጣ አየ፤ ነገር ግን ሻርኩ እርሱን ትቶ፣ የተወጉት ዓሦች የሚታሰሩበትን ተንሳፋፊ ዋጠ። የተንሳፋፊው ገመድ ደግሞ በፎክስ ወገብ ታስሮ ነበርና ገመዱ እስኪበጠስ ድረስ እንደ ተጠመደ ዓሣ ወደ ጥልቁ ተጎተተ። በቅርብ የነበረች ጀልባ አንሥታ ወደ ሐኪም ባታደርሰው፣ የለበሰውም ጥብቅ የጎማ ልብስ የተቀደደ ሰውነቱን ሰብስቦ ባይዝለት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ላይ ባከተመ ነበር። ሐኪሞቹ 462 ጊዜ ሰፉት።

እስከ ስድስት ሜትር የሚረዝም ፍጡር አንዱን ሰው በአፉ ከያዘ በኋላ ለምን ይለቃል? የባሕር እንስሳትን ጠባይ የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፣ ሻርክ እጅ የለውምና ያላወቀውን ነገር የሚዳስሰው በአፉ ነው፤ በስብ የደለበ የባሕር ከልብ ጠብቆ አጥንትና ጎማ ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ ይተወዋል። (ለተነካሹ ግን ይህ ፍልስፍና ብዙ የሚያጽናና አይመስለኝም።) ከአፉም ሌላ፣ በአፍንጫው ዙሪያ በሚገኙት ዝልግልግ በሞላባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ የሚንቀሳቀስ ፍጡር ሁሉ በውኃ ውስጥ የሚሰጠውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ያውቃል። እነዚህን ቀዳዳዎች ሎሬንዚኒ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም በ17ኛው መቶ ዓመት መርምሮ ጽፎባቸዋል፤ የምን ሕዋስ እንደሆኑ የታወቀው ግን በእኛ ዘመን ነው። ልዩ ልዩ ብረቶች በጨው ውኃ ሲነከሩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጩ፣ ትልልቅ ሻርኮች ወደ ጀልባ ቀርበው የሞተሩን ብረት መንከሳቸው ከዚሁ የተነሣ ነው ይባላል። በጀልባው ላይ የተቀመጠው ሰው «ሊበላኝ መጣ» ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ አውሬው ምናልባት ስለ እርሱ መኖር እንኳ አላሰበም።

ፎክስ ከቁስሉ ከዳነ በኋላ በአዴሌድ የአራዊት ማሳያ አንበሶችን ሲመለከት አንድ አሳብ መጣለት፤ በዚያ አራዊቱ በብረት ተዘግተው ሰው ከውጭ እንደሚያያቸው፣ በባሕር ደግሞ ሰው በብረት ተዘግቶ አራዊቱ በነጻነት ቢዞሩትስ? እነሆ ያ አሳብ በ1965 ዓ.ም. (ይህና የሚከተሉት ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሥራ ተለወጠ። ዛሬ ብዙ አገር ጐብኚ ነጩን ሻርክ ፊት ለፊት የሚያይበት የብረት ፍርግርግ የተገኘው፣ ሊበቀል ሲገባው ማወቅን ከመረጠ አንድ ቁስለኛ ነው።

«ጆውስ» የተባለው ታዋቂ ፊልም በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የሕያው ሻርክ ሥዕሎቹን በደቡብ አውስትራሊያ ባሕር ያነሡት ሮንና ቫለሪ ቴይለር የተባሉት ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ፎክስም ረድቷቸዋል። አውሬው እንዲገዝፍ አጭር ሰው በትንሽ ፍርግርግ ገብቶ እንዲታይ ተደረገ። ፊልሙ በተቀዳበት በደራሲው በፒተር ቤንችሊ መጽሐፍ አንድ የባሕር ሊቅ በፍርግርጉ ውስጥ ይሞታል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ባዶ በነበረው ፍርግርግ ገመድ የተጠላለፈ ሻርክ ራሱን ለማስለቀቅ ሲወራጭ ያሳየው ኃይል እጅግ ስላስደነቀ፣ ሥዕሉን ላለመጣል ሲባል ድርሰቱ ተለወጠና ሊቁ በሕይወት ቀረ። ዓለምን ያስፈራው ያ ትርኢት እንግዲህ፣ ከወጥመድ ለመውጣት የታገለ እንስሳ ጭንቀት ነበር። ቤንችሊ ራሱ በ2006 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሻርኮች እንዳይጠፉ ሲሟገት ኖሯል።

ይህን ስል አደጋው ተረት ነው ማለቴ አይደለም። በጎረቤታችን በቀይ ባሕር፣ በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ፣ በ2010 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር በጥቂት ቀናት ውስጥ አራት ሰዎች ቆስለው አንዲት ሴት ሞታለች። ምክንያቱ ሲመረመር ከመርከብ የተጣለ የበግ ሬሳና ዓሦችን የማብላት ልማድ ከተጠቀሱት መካከል ነበሩ፤ አውሬውን ወደ ሰው የጠራው የሰው እጅ ሳይሆን አልቀረም። በጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ፣ በቀዝቃዛው ወራት ከዓሣ ሁሉ የሚገዝፈው ዓሣ አንበሪ ሻርክ ይመጣል፤ ምግቡ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር በመሆኑ ሰውን አይነካም፤ እርሱን ግን የጀልባ ሞተር ተሽከርካሪ ስለት ያቆስለዋል። በዓለም ሁሉ ሻርክ ሳይነካኩት የሚነክሳቸው ሰዎች በዓመት መቶ አይሞሉም፤ ሰው የሚገድላቸው ሻርኮች ግን በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ በ1990ዎቹ ዓመታት ነጩን ሻርክ መግደልን በሕግ ከለከሉ፤ ለዚህ ዓሣ ከተከራከሩትም መካከል ፎክስ አንዱ ነው። በተነከሰበት ቀን ከተሰበረው የሻርኩ ጥርስ አንድ ስባሪ በእጁ አንጓ ውስጥ ሳይወጣ ቀርቷል።