ሥጋው ቢቀር ሽሮ አለ

መስከረም ጠብቶ የአሜሪካ ጫካ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ከእኛም ሰው መሃል ደጋንና ፍላጻ ይዞ አጋዘን አደን የሚወጣ አለ። አዳኙ የሚጠብቅበት "ትሪ ስታንድ" አገር ቤት ማሽላ ጠባቂ የሚወጣበትን ማማ ይመስላል። ዛፍ ላይ ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ጫማ ከፍ ይላል። ከዚያ መውደቅ አከርካሪ ይሰብራል።

ታዲያ "ሃርነሱን ላይ ስደርስ አስረዋለሁ" አትበሉ። ሰው የሚወድቀው ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ከመሰላሉ ወደ መቀመጫው ሲሻገርም ነው። ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን የሚይዘውን ልበሱ፤ የወገብ ቀበቶ ብቻ አይበቃም። ከግንዱ ጋር እስከ ላይ በተዘረጋው ገመድ ላይ ገና መሬት ሳላችሁ ታሰሩ። ደጋኑን ይዛችሁ አትውጡ፤ ላይ ሆናችሁ በገመድ ሳቡት።

ወድቃችሁ ከተንጠለጠላችሁ ዝም ብላችሁ አትቆዩ። እግር ካልተንቀሳቀሰ ደም እታች ይጠራቀማል፣ ራስ ያስታል። የእግር ማሳረፊያውን ማሰሪያ ርገጡ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ስልክ ደረት ኪስ ውስጥ ይሁን። አንዴ ሰው ከውድቀት የያዘ ሃርነስ ደግሞ ይጣላል።

ልጆች፣ አባዬ ሲወጣ "የት ቦታ ነህ? ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ሥጋው ቢቀር ሽሮ አለ፤ አባት ግን ምትክ የለውም።