የንብ አውራ ሴት ናት

እስቲ ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዛሬው ትምህርታችን በአንድ ቃል ይጀምራል። ቃሉ «አውራ» ነው። አ - ው - ራ። አንብቡት፤ ጻፉት።

አውራ ማለት ዋና፣ መሪ ማለት ነው። አውራ ዶሮ እንላለን፤ ወንዱ ዶሮ ነው። አባወራ እንላለን፤ የቤቱ አባት ነው። የንብ አውራስ? ወንድ ነው ወይስ ሴት?

ይህን ጥያቄ መቱ ላይ በጎልማሶች ክፍል ውስጥ ጠይቄ ነበር። ዕድሜያቸውን በንብ ሥራ የፈጁ አንድ አባት ፈጥነው፣ «ወንድ ነዋ! ያለ ወንድ ያን ሁሉ ሠራዊት ማን ይመራዋል?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። አይፈረድባቸውም። አሪስጣጣሊስ የተባለው የግሪክ ሊቅም ከ2,300 ዓመት በፊት አውራውን «ንጉሥ» ነበር ያለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት ግን፣ ያን ስዋመርዳም የተባለ የሆላንድ ሰው የአውራውን ሆድ ከፍቶ በማጉሊያ መነጽር ተመለከተ። በውስጡ የእንቁላል ማፍሪያ አገኘ። አውራው እናት ናት ማለት ነው!

በአንድ ቀፎ ውስጥ ሦስት ዓይነት ንቦች አሉ።

አንደኛዋ ንግሥቲቱ ናት። አውራ የምንላት እሷን ነው። ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። አበባ በበዛበት ወራት በቀን ከ1,000 በላይ ትጥላለች። እንደ አለቃ ትእዛዝ አትሰጥም፤ ንቦቹን አንድ አድርጎ የሚይዛቸው ጠረኗ ነው።

ሁለተኛዎቹ ሠራተኞቹ ናቸው። እነዚህም ሁሉም ሴቶች ናቸው። ቤት ያጸዳሉ፤ እጭ ይመግባሉ፤ ሰም ይሠራሉ፤ በር ይጠብቃሉ። በመጨረሻም ወጥተው ከግራዋው፣ ከብሳናው፣ ከቡናው አበባ ይቀስማሉ። የምትነድፋችሁም ሠራተኛዋ ናት። ሰውን ከነደፈች መንደፊያዋ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ እሷም ትሞታለች።

ሦስተኛዎቹ ወንዶቹ ናቸው። ድንጉላ ይባላሉ፤ ፈረሱን ድንጉላ እንደምንለው ማለት ነው። ድንጉላ ወፍራም ነው፤ ዓይኑም ትልልቅ ነው። መንደፊያ የለውም፤ አበባ አይቀስምም፤ ሰም አይሠራም። አንድ ሥራ ብቻ አለው። ወጣቷን ንግሥት አየር ላይ እየበረረ ይገናኛታል፤ እንደ ተገናኛትም ይሞታል። ሳይገናኝ የቀረውን ደግሞ፣ ምግብ ሲያጥር ሠራተኞቹ ገፍተው ያስወጡታል። ስለዚህ በክረምት ወፋፍራም ንቦች ከቀፎ በር ሲገፉ ብታዩ አትደንግጡ። ቤቱ ቀለብ እየቆጠበ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ድንጉላ አባት የለውም! ዘር ካልነካው እንቁላል ይፈለፈላል። ዘር ከነካው እንቁላል የምትፈለፈለው ሴት ናት።

«ታዲያ ይህን ማወቅ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በአልጌ ቀፎ፣ ጋጉራ የምትሉት ማለቴ ነው፣ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ማር የሚቆረጠው በሌሊት፣ በችቦና በጭስ ነው። በጨለማው ውስጥ ማሩም እጩም አብሮ ይወጣል። ንግሥቲቱም ልትጨፈለቅ ትችላለች።

እስቲ አስቡት። ንግሥት ከሞተች ሠራተኞቹ ሌላ ማሳደግ ይችላሉ። ነገር ግን ከተፈለፈለ ሦስት ቀን ያላለፈው የሴት እጭ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ትንሽ እጭ የንግሥት ምግብ እየመገቡ ንግሥት ያደርጉታል። እጩ ሁሉ ከተወሰደ ግን ከምን ያሳድጓት? ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ እንቁላል ይጥሉ ይሆናል። ነገር ግን ከድንጉላ ጋር ስላልተገናኙ የሚፈለፈለው ወንድ ብቻ ነው። ወንዱ ደግሞ አይቀስምም። ሠራተኞቹ እያረጁ ይሞታሉ፤ ቀፎውም ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ ማር ስትቆርጡ እንዲህ አድርጉ፦

እጭ ያለበትን እንጀራ አትንኩ። ብዙ ጊዜ እጩ በመግቢያው በኩል፣ ማሩ ከኋላ ነው።

ጭሱን አለስልሱት፤ እሳት አታስጠጉ።

ለንቦቹ ቀለብ የሚሆን ማር ተዉላቸው።

ከቻላችሁ በጓሮ የሚቀመጥ ቀፎ አዘጋጁ። የንብ ሥራ የወንድ ብቻ ሆኖ የኖረው ዛፍ መውጣት ስላለበት ነው። የጓሮውን ቀፎ ግን እማወራዋም ትይዘዋለች።

ያን ቀን እኚያ አባት ትምህርቱ ሲያልቅ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም፣ «ስንቷን እናት ጨፍልቄ ይሆን!» አሉ። ቀጥለውም እርሳሳቸውን አንሥተው «አውራ» ብለው ጻፉ።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. የምትነድፈው ንብ ወንድ ናት ወይስ ሴት?

2. የድንጉላ ሥራ ምንድን ነው?

3. እጭ ያለበትን እንጀራ ለምን እንተዋለን?

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።